ማስተማሪያ ሆስፒታል ለወሎ ወረዳዎች ምን ይመልሳል?

መነሻ ጽሑፍ

ስለ ወሎ ማስተማሪያ ሆስፒታል ስንነጋገር ወሬያችን ሁልጊዜ ስለ ሕንፃው፣ ስለ አልጋው ብዛትና ስለ ስሙ ነው። ሁሉም ይገባል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማይነሳ ነገር መጠየቅ ፈልጌ ነው። ታማሚው ከወረዳ ወደ ደሴው ሆስፒታል ይላካል። ከደሴ ወደ ወረዳው የሚመለሰውስ ምንድን ነው?

የሀገራችን የጤና አደረጃጀት ሦስት እርከን አለው። ከታች ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ናቸው፤ የመጀመሪያ ደረጃው ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ቀጥሎ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ የሚያገለግለው አጠቃላይ ሆስፒታል ይመጣል። ከላይ ያለው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ይጠብቀዋል። ደሴ ላይ የሚደርሰው ታማሚ ግን ከደቡብ ወሎ ብቻ አይደለም። ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከዋግ ኽምራ፣ በባቲ በኩል ደግሞ ከአፋር ይመጣል። ይህን ሁሉ ሕዝብ አንድ ከተማ ላይ ያለ ሆስፒታል፣ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ አክሞ አይጨርሰውም።

ስለዚህ እምነቴ ይህ ነው። ሆስፒታል ማስተማሪያ የሚባለው ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች ስለሚመላለሱበት ብቻ መሆን የለበትም። ታማሚውን የላከለትን ጤና ጣቢያም ማስተማር አለበት። አንድ ጤና መኮንን ትርፍ አንጀት ነው ብሎ ጠርጥሮ ታማሚ ሲልክ፣ ትርፍ አንጀት ሆኖ ይሁን ሌላ ካልተነገረው፣ የሚቀጥለውንም በዚያው ጥርጣሬ ይልከዋል። ዓመታት ያልፋሉ፤ እሱ የሚያውቀው ግን አይጨምርም። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ ብዬ ጻፍኩ። የመጡትን መልሶች እንደ አመጣጣቸው እተርካለሁ፤ የተደጋገሙትን አጣምሬአቸዋለሁ።

መልስ 1

መጀመሪያ የጻፈው በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነው። በአክብሮት ሰላምታ ጀምሮ በሐሳቡ እንደሚስማማ ገለጸ። የሪፈር ቅጹ ራሱ ሁለት ክፍል እንዳለው አስታወሰን። ላይኛውን ላኪው ይሞላዋል፤ ታችኛውን ተቀባዩ ሞልቶ ሊመልሰው ይገባል። በእሱ ክፍል የሚያየውንም በዝርዝር አስቀመጠ። ታማሚዋ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትሄዳለች። ከሳምንታት በኋላ ለክትትል ስትመለስ ያንኑ ፌስታል ትፈታለታለች። ውስጡ የራጅ ፊልም፣ ያለቀ የመድኃኒት ብልቃጥና የፋርማሲ ደረሰኝ አለ። የቅጹ ታችኛው ክፍል የለም፤ በተላከችበት ሆስፒታል ካርዷ ውስጥ ቀርቷል። ሐኪሙ ምን ዓይነት ኦፕራሲዮን እንደተደረገላት ለማወቅ ጠባሳዋን አይቶ ይገምታል። መድኃኒቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውንም ከብልቃጡ ላይ ካለው ጽሑፍ ተነስቶ ይወስናል።

መልስ 2

ሁለተኛው መልስ እርማት ነበር፤ ጠቃሚ እርማት። ጸሐፊው ሁለት ነገሮች እየተቀላቀሉ ነው አለ። የደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የክልሉ ጤና ቢሮ ተቋም ነው፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የጤና ተማሪዎች ደግሞ በተግባር የሚማሩት እዚያ ነው። ጎንደርና ጅማ ላይ ሆስፒታሉ የዩኒቨርሲቲው ነው። ባሕር ዳር ላይ ሁለቱም አለ፤ ፈለገ ሕይወት የክልሉ፣ ጥበበ ግዮን የዩኒቨርሲቲው። ወሎም ዩኒቨርሲቲው የራሱ ማስተማሪያ ሆስፒታል እንዲኖረው ሲጠይቅ የኖረው በዚህ ምክንያት እንደሆነ አብራራ። ሁለት ባለቤት ባለበት ቤት ስለ አልጋ፣ ስለ በጀትና ስለ ተረኛ ሐኪም የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ በደብዳቤ ይመላለሳል፤ ወደ ወረዳ ስለሚመለሰው ወረቀት የሚጠየቅ ግን አንድም ሰው አይኖርም ብሎ ደመደመ። ይህ ልዩነት ከተነገረ በኋላ ውይይቱ ጠራ።

መልስ 3

ሦስተኛው ተቆጥቶ ነው የገባው። ስለ ወረቀት የምታወሩት ቅንጦት ነው አለ። የካንሰር ታማሚ እህቱን ይዞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ወስዷል፤ እዚያም ወረፋ ጠብቋል፤ ቤት ተከራይቷል፤ በሬ ሸጧል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ ሀገሪቱ ጥቁር አንበሳ ላይ ብቻ ነበር። ወሎ መጀመሪያ ሕንፃውንና መሣሪያውን ያግኝ፣ ስለ መልስ መላላክ ከዚያ በኋላ ይወራ የሚል ነው ክርክሩ። ቁጣው ተገቢ ነው። በሬ የሸጠ ሰው ቅድሚያ ለሕንፃ ይሰጥ ቢል አልፈርድበትም። ሆኖም ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለኝም። እህቱ ደሴ የደረሰችው ሕመሙ ከተሰራጨ በኋላ እንደነበር ራሱ ጽፏል፤ ያ መዘግየት የመጣው ከታች ካለው ጤና ተቋም ነው።

መልስ 4

የአንድ ኢንተርን፣ ማለትም በሆስፒታል እየሠራ የሚማር የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ መልስ ነው። ቃሉ የደከመ ሰው ቃል ነበር። የማለዳውን ራውንድ ገለጸልን። ስፔሻሊስቱ ከፊት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም (ሬዚደንቱ) ቀጥሎ፣ ኢንተርኖች ካርድ ታቅፈው ከኋላ ይሄዳሉ። አልጋ በአልጋ እየቆሙ ሌሊት የገባው ታማሚ ታሪኩ ምን እንደሆነ፣ ለምን ይህ ምርመራ እንደታዘዘ፣ ለምን ያኛው እንደቀረ ይጠየቃሉ። ትምህርቱ የሚገኘው እዚያ ነው። ታማሚው ሲወጣ የመውጫ ማጠቃለያውንና የሪፈሩን መልስ የሚጽፈው ኢንተርኑ ሲሆን፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይጠራል፣ የደም ናሙና ይዞ ላብራቶሪ ይሮጣል። ማንም ካልጠየቀው መልሱ መጀመሪያ የሚዘለል ሥራ ነው። ኢንተርኑ የሚመዘነው ራውንድ ላይ ባቀረበው ታሪክ እንጂ ወደ ወረዳ በላከው ወረቀት አይደለም። ያ ወረቀት ውጤት ቢያዝበት ሁሉም እንደሚጽፈው ተናገረ። ከመልሶቹ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነበር፤ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በአንድ የትምህርት ክፍል ውሳኔ የሚፈጸም ሐሳብ ነው።

መልስ 5

ከወሎ ቦረና በኩል የጻፈች እናት ናት። ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የእሷ ቀበሌ ደግሞ ከመካነ ሰላምም ራቅ ይላል። የጎረቤቷን ምጥ ተረከች። ምጡ ሲበረታ የቅሬው ሰዎች ተጠሩ። ሬሳ የሚሸኝ ቅሬ በእኛ ሀገር ሕመምተኛም ይሸከማል። ከእንጨትና ከጠፍር በተሠራ ቃሬዛ ላይ አስተኝተው፣ ጋቢ ደራርበው፣ ትከሻ እየተቀያየሩ በጨለማ እስከ መኪና መንገዱ አወረዷት። ወንዙን ሲሻገሩ አራቱ ከፊትና ከኋላ ይዘው ሁለቱ ከጎን ቃሬዛውን እንዳያዘነብል ደግፈውት ነበር። ሴቶቹ ከኋላ ሆነው ዱዓ ያደርጋሉ፤ አንዷ ማርያም ማርያም ትላለች። አምቡላንሱ መንገዱ ላይ ተቀብሏቸው የመጀመሪያ ደረጃው ሆስፒታል ደረሱ።

እዚያ ስፔሻሊስት አልነበረም። የነበረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነው፤ ጤና መኮንን ሆኖ ሠርቶ በሦስት ዓመት የማስተርስ ሥልጠና ቀዶ ሕክምና የተማረ። ይህ ሥልጠና በሀገራችን የተጀመረው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሲሆን፣ ዓላማው ስፔሻሊስት በማይደርስበት ወረዳ እናት በምጥ እንዳትሞት ነበር። ባለሙያው በዚያው ሌሊት ኦፕራሲዮን አደረጋት፤ እናትም ልጅም ተረፉ። ጸሐፊዋ ጥያቄዋን ያቀረበችው ከዚህ በኋላ ነው። ያ ሰው የተማረው ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ታዲያ ከተመረቀ በኋላ አስተማሪዎቹ የት ገቡ? የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ማንን ይጠይቃል? ቁስሉ ቢያመረቅዝ፣ ደም መፍሰሱ አልቆም ቢል፣ ሌሊቱን ብቻውን ነው።

እኔ መነሻው ላይ ልል የፈለግሁትን እሷ ከእኔ አብልጣ ተናገረችው። ማስተማሪያ ሆስፒታል ወሎን የሚያገለግለው ደሴ ላይ ተቀምጦ ታማሚ በመጠበቅ ብቻ አይደለም። ያቺ እናት 180 ኪሎ ሜትር በጎርባጣ መንገድ ሳትጓዝ የዳነችው አንድ የሠለጠነ እጅ እዚያው ስለነበረ ነው። ያንን እጅ ማብዛትና ማጠንከር ከማንኛውም ሕንፃ እኩል ዋጋ አለው።

መልስ 6 እና 7

እዚህ ላይ ክርክሩ ጠነከረ። ስድስተኛው ጸሐፊ ማስተማሪያ ሆስፒታል ማለት ድሃው የተማሪ መለማመጃ የሚሆንበት ቦታ ነው አለ። ገንዘብ ያለው የግል ክሊኒክ ሄዶ በሩን ዘግቶ ይታከማል፤ ድሃዋ ግን ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ከብበዋት ስሟን እንኳን ሳይጠይቁ ይመረምሯታል ብሎ ጻፈ። ቃላቱ ሸካራ ነበሩ።

ሰባተኛዋ ዕድሜዋን በሙያው ያሳለፈች ነርስ ነች፤ አልታገሠችውም። ተማሪ ብቻውን እንደማይወስን፣ በላዩ ሬዚደንት፣ ከዚያም በላይ ስፔሻሊስት እንዳለ፣ ሌሊት ተማሪ የማይገባበት ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ሐኪምም የማይገባበት ሆስፒታል እንደሆነ ነገረችው። የሚሰድበውን ተማሪ ነገ ልጁ ሲታመም እንደሚፈልገውም አልደበቀችም። ከዚያ ግን ቃሏን አለዝባ ያመነችው ነገር አለ። መጋረጃ ሳይጋረድ የሚደረግ ምርመራ አይታለች፤ ፈቃድ ሳይጠየቅም አይታለች። ተማሪ መጀመሪያ መማር ያለበት ስሙን ተናግሮ፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገልጾ፣ እሺታ መቀበልን ነው አለች።

በዚህ ጉዳይ ከእሷ ጋር ነኝ፤ የስድስተኛውንም ቅሬታ ግን አልጥለውም። እናቶቻችን ሐኪም ፊት እንቢ ማለት ያፍራሉ። ዝምታቸው ፈቃድ ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

መልስ 8

ከተሁለደሬ የመጣ መልስ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ እንደነበረ በኩራት አስታወሰን፤ የቀሩት ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። መድህኑ አባሉን ከጤና ጣቢያ እንዲጀምር ያዘዋል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ሙሉ ሽፋን አያገኝም። ጸሐፊው ይህን ይደግፋል፤ ነገር ግን ገበሬው ጤና ጣቢያውን የሚያየው ሪፈር የሚጻፍበት መስኮት አድርጎ እንደሆነ ያሳስበዋል። ጤና ጣቢያው ከሆስፒታሉ መልስ እየተቀበለ ክትትሉን ቢይዝ ኖሮ፣ የስኳርና የደም ግፊት ታማሚው በየወሩ የትራንስፖርት ከፍሎ ደሴ አይመላለስም ነበር።

ከመልስ 9 እስከ 12

የውይይቱ ክር ከመንገዱ ወጣ። አንዱ ስለ አስታማሚዎች አነሳ። ታማሚው አልጋ ሲያገኝ አስታማሚው ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ ያድራል፤ የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌላዋ በሆስፒታል አካባቢ ያሉ ቤተሰቦች ለማያውቁት አስታማሚ ምግብና ቡና ይዘው እንደሚመጡ ጻፈች፤ ይህ በወሎ አዲስ አይደለም፤ ሃይማኖቱንም ማንም አይጠይቅም። ሦስተኛው ስለ ሐረጎ ቁልቁለትና ስለ ጭጋጉ ረጅም ጽሑፍ ለጠፈ፤ ከኮምቦልቻ ቁስለኛ ጭኖ በጭጋግ የሚወጣ አምቡላንስ እንዴት እንደሚጨነቅ ሹፌር ሆኖ ያውቀዋል።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። አንድ ሰው ማስተማሪያ ሆስፒታል ኮምቦልቻ መሆን አለበት አለ፤ ኤርፖርቱም እዚያ ነው፣ ሜዳውም እዚያ ነው። ሌላው ወልድያስ ብሎ ተነሳ፤ ከላስታና ከራያ የሚመጣ ሰው ወልድያን አልፎ 120 ኪሎ ሜትር የሚጨምረው ለምንድን ነው? መሰዳደብ ተጀመረ። እዚህ ላይ ዝርዝሩን አልተርክም፤ ለማንም አይጠቅምም። የወልድያው ጥያቄ ግን እውነተኛ ነው፤ መልሱም ሁለተኛ ትልቅ ሕንፃ ከመሥራት ይልቅ ሬዚደንቶችንና ስፔሻሊስቶችን በዙር ወደዚያ መላክ ይመስለኛል።

መልስ 13

ጠቡን ያበረዱት አንድ ጡረታ የወጡ ጤና መኮንን ናቸው። ከክርክሩ አንዱንም ወገን ሳይነኩ ታሪክ ነገሩን። ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያ ነበር፤ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡ። በኋላም ጅማ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ አውጥቶ በማስተማር ታወቀ። ለወሎም አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ ያለንን ልምድ አጠንክረን እንያዝ ነው ምክራቸው። አባታችን ብለው ያመሰገኗቸው ብዙዎች ናቸው፤ ይቅርታ የጠየቁም አሉ።

መልስ 14

ቦሩ ሜዳን ማንም አላነሳም ብላ የወቀሰችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነች። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ይህ ሆስፒታል በሚስዮናውያን የተመሠረተው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር፤ ዛሬ በቆዳና በዓይን ሕክምናው ሩቅ ድረስ ይታወቃል። የእሷ ሥራ ትራኮማ ከሚባለው የዓይን በሽታ ጋር ነው። የሽፋሽፍት ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን የሚፍቃቸው እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ለዓመታት ይኖራሉ። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ላይ ይሠራዋል። የወሎ ተማሪዎች የወሎን በሽታ ከመጽሐፍ ብቻ አይማሩት፤ ለትራኮማና ለሥጋ ደዌ ቦሩ ሜዳ፣ ለወባ ደግሞ ቃሉና ቆቦ ቆላ ይውረዱ ብላ ጻፈች።

መልስ 15

አጭር ነበር። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴ በጦርነቱ በተያዘችበት ጊዜ የሆስፒታሉ መሣሪያዎች እንደተዘረፉና እንደተሰባበሩ አስታወሰ። ያንጊዜ የስኳር ታማሚው ኢንሱሊን፣ የኩላሊት ታማሚው እጥበት ማጣቱን ጻፈ። ሁሉንም ነገር አንድ ቦታ ማከማቸት ምን እንደሚያስከትል ያየነው ያኔ ነው ብሎ አበቃ። ከዚህ በኋላ ማንም አልተሳደበም።

መልስ 16

የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ የጻፈው ነው። በየሆስፒታሉ ጀርባ ሸራ የለበሱ መሣሪያዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳንዱ የሚጎድለው አንድ ፊውዝ ወይም አንድ የኦክስጅን ሴንሰር ነው። የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮምቦልቻ ላይ ነው፤ የምሕንድስና ተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራቸውን ከሆስፒታሎቹ ጋር እንዲያያይዙት ሐሳብ አቀረበ። ሁለት ሰዎች ደገፉት፤ አንዱ ደግሞ የመለዋወጫ ግዢ ካልተፈታ ተማሪው ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ። ክርክሩ እዚያው ቆመ፤ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

መልስ 17 እና 18

ወደ መነሻው የመለሰን አንድ የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ነው። ወረቀቱን እርሱት አለ። እሱና በየወረዳው ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቹ በስልክ ይገናኛሉ፤ ሌሊት ይደውሉለታል፤ በቴሌግራም የራጅ ፎቶ ይልኩለታል፤ እሱም ይመልሳል። ብዙዎች አመሰገኑት፤ እኔም አመሰግነዋለሁ።

በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው መልስ ጸሐፊ ተመልሶ መጣና በትሕትና ተቃወመው። ስልኩ የሰውየው ነው እንጂ የሆስፒታሉ አይደለም። ስፔሻሊስቱ ነገ ቢዛወር ወይም ሀገር ቢለቅ ምክሩም አብሮ ይሄዳል። ወረዳ ላይም ቁጥሩን የያዘው ሐኪም ሲቀየር አዲሱ ማንንም አያውቅም። የሚያስፈልገው ተረኛ ስፔሻሊስት የሚያነሳው አንድ የሆስፒታል ስልክና የተደወለው የሚመዘገብበት አንድ መዝገብ ነው። መዝገቡም በየወሩ ለተማሪዎች ትምህርት ይሆናል፤ የትኛው ወረዳ በምን ላይ እንደሚቸገር ይታይበታል። ስፔሻሊስቱ ተስማማ። ለዚህ ሥራ ሰዓትም አበልም እንዳልተመደበለት ግን ሳይጠቅስ አላለፈም፤ ይህም እውነት ነው። በሰው ቸርነት ላይ ብቻ የቆመ አሠራር አይዘልቅም።

መልስ 19

የመጨረሻው እስካሁን የመጣው መልስ በአንድ ሆስፒታል የላይዘን ክፍል፣ ማለትም ሪፈር በሚያስተባብረው ክፍል ከሚሠራ ሰው ነው። መልሱ ለምን እንደሚቀር ከውስጥ ሆኖ ነገረን። ቅጹን ታማሚው ራሱ ይዞ ካልሄደ በሌላ መንገድ አይደርስም። በበዓል ዋዜማና በእሑድ የሚወጡት የላይዘን ክፍሉ ዝግ ሳለ ይሄዳሉ። ለጤና ጣቢያ ቢደወልም ማን እንደሚቀበል አይታወቅም፤ የተመዘገቡት ስልኮች ብዙዎቹ የለቀቁ ሠራተኞች የግል ስልኮች ናቸው። የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር እንደሆነ ጻፈ፤ በየተቋሙ መልስ የሚቀበል አንድ የሥራ መደብና የቢሮ ስልኩ። እሱ በበኩሉ መውጫ ማጠቃለያ ያልተያያዘበት ካርድ ወደ ካርድ ክፍል እንዳይመለስ ከክፍሉ ነርሶች ጋር መነጋገር ጀምሯል።

ከከላላ፣ ከወረኢሉና ከቆቦ የጻፉ ሰዎች የተቋማቸውን ስልክ በግል ልከውለታል። በባቲ በኩል ከአፋር የሚልኩ ጤና ጣቢያዎች እስካሁን አልጻፉም፤ በዚያ መስመር የሚሠራ ሰው ይህን ካነበበ ከመልስ 20 ጀምሮ ቦታው ክፍት ነው።